ዝምታን ማን አስተማረን? አስተዳደግና ስሜት በቡናው አገር ሕክምና

(በመገናኛ በዓላችን ሁለተኛ ቀን ከምሳ በኋላ የቀረበ ንግግር፤ ለመጽሔቱ ሲዘጋጅ ጥቂት ቦታ ላይ ታርሟል።)



አዘጋጆቹ ደውለው «ከሕክምናው በኩል አንድ ነገር ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት የጠበቁ ይመስለኛል። ዕድሜያችንም ወደዚያው ነው፤ ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ስንወጣ ማን ማን እንዳለከለከ አይቻለሁ፣ ስም አልጠራም። እኔ ግን ስለ ሌላ ነገር ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

ትናንት ከሰዓት በር ላይ ቆሜ ሳያችሁ ነበር። እኛ ሴቶቹ ገና ከመኪና ሳንወርድ ተቃቅፈን ማልቀስ ጀመርን። ወንዶቹ ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭታችሁ፣ አንዱ የሌላውን ቦርጭ መታ መታ እያደረገ፣ «ወፍረሃል!» «አንተስ ፀጉርህን የት ጣልከው?» ተባባላችሁ። ለሃያ ዓመት ያልተያየ ጓደኛ «ወፍረሃል» ነው የሚለው። ናፍቀኸኝ ነበር ማለቱ ነው፤ ተቀባዩም ገብቶታል። ማታ ላይ ደግሞ በሞት የተለዩን ጓደኞቻችን ስም ሲነበብ አንገቱን የደፋ ነበር፣ ስልኩን የሚነካካ ነበር፣ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ውጭ የወጣ ነበር። ሐዘኑ አንድ ነው። መውጫ በሩ ግን እንዳደግንበት ቤት ይለያያል።

ይህን ማንም ክፍል ውስጥ አላስተማረንም። ልጅ ሲወድቅ በእኛ አገር ምን እንደሚደረግ አስቡት እስቲ። እናት «እኔን!» ብላ ትሮጣለች። ታነሳዋለች፣ ታራግፈዋለች፣ ከዚያ መሬቱን በጥፊ ትመታዋለች፤ «ይሄ ነው የመታህ? እንካ!» ልጁ እንባው ሳይደርቅ ይስቃል። ሕመሙ ሰው እንደሚያስሮጥ ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ያው ልጅ አምስት ዓመት ሞልቶት ሲወድቅ ግን «ተነስ! ወንድ ልጅ አያለቅስም» ይባላል። እህቱ ደግሞ «ሰው ፊት!» ትባላለች። እንግዳ ቤት ሄደን ዳቦ ሲቀርብልን የእናታችንን ዓይን አይተን «በቃኝ» ያልነውን ታስታውሱታላችሁ? ረሃቡ አልጠፋም እኮ። አፋችን ነው በቃኝ ያለው። ይሉኝታ የሚባለው ነገር በዚያች ዓይን በኩል ነው ወደ ውስጣችን የገባው።

የእኔ አባት አስተማሪ ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ ተመድቦ መጥቶ ቴፒ የቀረ። ወደ ግቢያችን የመጣሁ ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሸኘኝ። ጓዜ አውቶቡሱ ጣራ ላይ ሲጫን አብሮ ወጥቶ የታሰረበትን ገመድ ሦስት ጊዜ ፈትቶ አሰረው። ረዳቱ «ጋሼ፣ ጠብቋል እኮ!» ቢለውም አልሰማውም። ሲወርድ «ስትደርሺ ደብዳቤ ጻፊ» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልነበረም። እናቴ እስክንታጠፍ ድረስ እያለቀሰች እጇን ታውለበልብ ነበር። የዚያን ቀን፣ ከልቧ የምትወደኝ እናቴ ብቻ መስላኝ ነበር። ዶርም ደርሼ ገመዱ አልፈታ ብሎኝ በቢላ ቆረጥነው፤ ቢላውን ያመጣችልኝ ልጅ እዚህ ተቀምጣለች፣ ትመስክር። ያ ቋጠሮ ምን እንደነበር የገባኝ አባቴን ከቀበርኩ በኋላ ነው።

ቴፒ ያደገ ሰው ይህን ቶሎ መማር ነበረበት። ሰፈራችን ውስጥ ሸካው፣ ሸኮው፣ መዠንግሩ፣ ቤንቹ፣ ካፋው አለ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ከወሎና ከሌላው ሰሜን የመጣ አለ፤ በዚያ ሰፈራ በአገር ደረጃ ወደ 600 ሺህ ሰው ነው ከቀዬው ተነስቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የተወሰደው። ለቡና እርሻው ሥራ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ የመጣ አለ። እና አንዱ ቤት ሰው ሲሞት ደረት እየተመታ ሙሾ ይወርዳል፤ ሌላው ቤት ደግሞ ዝም ብሎ ተቀምጦ ማደር ነው ሐዘን። እኔ ልጅ ሆኜ ዝም የሚሉት ሰዎች ሟቹን የማይወዱት ይመስለኝ ነበር። ይህን ስህተት ይዤ ነው ሐኪም የሆንኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የምነግራችሁን ታሪክ እንድናገር ባለታሪኳ ፈቅዳልኛለች፤ እሷን የሚያሳውቁ ጥቂት ነገሮችን ቀይሬአለሁ።

ከተመረቅን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ከዋናው መንገድ ራቅ ባለ የጤና ተቋም ሌሊት ተረኛ ነኝ። የተቋሙን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። የቡና ለቀማ ወቅት ነው፣ ዝናቡም ገና አልቆመም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ምጥ የያዛቸው ሁለት እናቶች መጡ። አንደኛዋ ገና ከበሩ ጀምራ «ማርያም! ማርያም!» እያለች፣ የባሏን ሸሚዝ ጨምድዳ ይዛ፣ ግቢውን አናወጠችው። ሁለተኛዋ በቃሬዛ መጣች። ሁለት ቀን አምጣለች አሉ። ተሸካሚዎቹ አውርደዋት ላባቸውን እየጠረጉ ቆሙ። ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላለች። «በጣም ያምሻል?» አልኳት።

«ደህና ነኝ» አለች።

ሁለት ቀን ያማጠች ሴት ደህና ነኝ ስትል አመንኳት። እንዲያውም «ጎበዝ ናት» ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ስነግራችሁ ዛሬም ያሳፍረኛል። ወደምትጮኸዋ ሄድኩ። እሷ ጤነኛ ምጥ ላይ ነበረች፤ በኋላም ያለ ችግር ወንድ ልጅ ተገላገለች። አርባ ደቂቃ ያህል ከእሷ ጋር ቆይቼ ስመለስ ሁለተኛዋ እንደተኛች ናት። እጇን ስይዘው ቀዝቅዟል። የልብ ምቷን ስቆጥር በደቂቃ 140 ነው። የፅንሱን ልብ ምት ብፈልግ፣ ብፈልግ አጣሁት። ሆዷን ስነካት ቅንድቧ ብቻ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

የሕክምና ሰዎች ቀድማችሁ ገምታችኋል። ማህፀኗ ተቀዶ ነበር። ልምድ ያለው ባልደረባዬ ተጠርቶ ቀዶ ሕክምናውን ሠራ፤ እኔ ረዳሁት። እሷ ተረፈች። ልጁ ሞቷል፣ ማህፀኗም የሚጠገን ስላልነበረ ወጣ። ቤት ውስጥ ሁለት ዓመት የሞላት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ከእንግዲህ ሌላ አትወልድም።

ልጁ እኛ ጋ ከመድረሷ በፊት ሞቶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለው ምጥ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ ባልደረባዬም ሊያጽናናኝ ያለኝ ይህንኑ ነው። እኔ ግን አርባውን ደቂቃ አውቀዋለሁ። የልብ ምቷን ለመቁጠር የሚያስፈልገኝ አንድ ደቂቃ ነበር። ያልቆጠርኩት ስላልጮኸች ነው።

ሁለተኛው ጥፋቴ ጠዋት ላይ መጣ። ስትነቃ መጽሐፉ እንደሚለው አደረግሁ፤ አካባቢውን ጸጥ አሰኘሁ፣ ሰው አስወጣሁ፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀመጥኩ፣ ግልጽ በሆነ ቋንቋ ነገርኳት። «እሺ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም ጥሩ አድርጌ የተናገርኩ መስሎኝ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ የባሏ አክስት፣ እድሜያቸው የገፋ ሴት፣ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ ለብቻዋ ነገርሻት?»

«አዎ እናቴ። ማወቅ መብቷ ነው» አልኳቸው።

«ማወቁንስ ትወቅ። ሰው ሳይኖር መርዶ ይነገራል እንዴ? ማን ይዟት ታልቅስ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ሄዱና ከሰዓት ሦስት ሴቶች አስከትለው፣ ጨሞ በፔርሙስ ይዘው መጡ። ጨሞን ለማታውቁ፣ ከቡና ቅጠል በዝንጅብልና በቅመም እየተፈላ የሚጠጣ፣ የእኛ አገር ሰው ከፍሬው ባልተናነሰ የሚወደው ነው። አልጋዋን ከበው ተቀመጡ። አንዷ እግሯን ያዘችላት። ስለ ልጁ አንድም ቃል ሳይነገር ስኒው ዞረ። ከዚያ አክስትየዋ በቋንቋቸው ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ያልሰማሁት ድምፅ የዚያን ጊዜ ወጣ። ነርሶች ክፍል ድረስ ተሰማ።

በኋላ ሳነብ ዶክተር የውብዳር በየነ የተባሉ የአገራችን ልጅ፣ የሕክምና አንትሮፖሎጂ ተመራማሪ፣ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ ስለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የጻፉትን አገኘሁ። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ክፉ ዜናን በቀጥታ ለታማሚው ሲናገሩ ወገኖቻችን እንደ ጭካኔ ይቆጥሩት ነበር፤ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ተነግሮ በአግባቡ እንዲደርስ ይፈልጋሉ። ካሊፎርኒያ ላሉት ሐኪሞች የተጻፈው ምክር ለእኔ፣ እዚሁ ተወልጄ ላደግሁት፣ ያስፈልገኝ ነበር ማለት ነው። ታማሚው አይነገረው እያልኩ አይደለም፤ በዚህ ላይ ከብዙ ባልደረቦቼ ጋር ተከራክሬያለሁ። ይነገረው። ግን የሚይዘው ሰው አጠገቡ ይኑር። አባቶቻችን መርዶ ነጋሪ ሲልኩ ማልደው፣ ዘመድ አሰባስበው የሚልኩት ለወግ ብቻ አይደለም።

ከሳምንት በኋላ ስፌቷን ሳይ «ለምን አልጮህሽም?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ብጮህ ማን ይመጣልኛል?» አለችኝ።

ምርር ብላ አይደለም የተናገረችው። ዝናብ ይዘንባል እንደሚባለው ነው ያለችው። እናቷ የሞተችው እሷ አራት ዓመት ሲሆናት ነው፤ እናቷም በወሊድ ነው የሞተችው። ከዚያ አንድ ዘመድ ቤት፣ ቀጥሎ ሌላ ዘመድ ቤት አደገች። የሰው ቤት ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ሸክም ነው። ሰባት ዓመት ሳይሞላት ከለቃሚዎች ኋላ እየሄደች የወደቀ ቡና ትለቅም ነበር። እሾህ ሲወጋት ራሷ ነቅላ መሄድ ነው። እንግዲህ ይቺ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት ሲሞላት ቃሬዛ ላይ ሆና «ደህና ነኝ» ብትል ምን ይገርማል?

የየትኛው ብሔር ተወላጅ እንደሆነች አልነግራችሁም። ከጠራሁት «እነሱ እንዲህ ናቸው» ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እዚያ አገር ደግሞ «እነሱ» የሚለው ቃል በቂ ጣጣ አምጥቷል። የምታማጥ ሴት እንዳትጮህ በባህል የሚጠበቅባቸው ሕዝቦች በዓለም ላይ አሉ፤ በቤኒን ያሉት ባሪባዎች በዚህ የታወቁ ናቸው። የእሷ ግን የባህል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አጠገቧ የተኛችው የዚያው መንደር ሴት እንደማንኛችንም ትጮህ ነበር። ልዩነቱ ስታለቅስ የሚመጣላት ሰው መኖሩ ነው።

ይህን ነገር ሳይንሱም ያውቀዋል። ሜሪ አይንስዎርዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ካምፓላ አቅራቢያ ባሉ የኡጋንዳ መንደሮች እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች አየች። በኋላ አሜሪካ፣ ባልቲሞር ሥራዋን ስትቀጥል፣ ሲያለቅሱ ቶሎ የተደረሰላቸው ሕፃናት ዓመት ሊሞላቸው ሲል ከሌሎቹ ያነሰ የሚያለቅሱ ሆነው ተገኙ። «ባለቀሰ ቁጥር ካቀፍሽው ይሞላቀቃል» የምትሉ አክስቶች፣ ሰምታችኋል? ከእነዚያ ጥናቶች ውስጥ እኔን የያዘኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። እናት ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ስትወጣ አብዛኛው ሕፃን ያለቅሳል። አንዳንዶቹ ግን አያለቅሱም። ስትመለስም ዞር ብለው አያዩአትም፤ መጫወቻቸውን ይነካካሉ። የሚያያቸው ሰው «እንዴት ጨዋ ናቸው!» ይላል። ስሩፍና ዋተርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 የእንደነዚህ ያሉ ሕፃናትን የልብ ምት እንደለኩ ጽፈዋል። ልባቸው እንደሚያለቅሱት ሕፃናት ይመታ ነበር። ገና በአንድ ዓመታቸው ፊታቸውን ዝም ማሰኘት ተምረዋል። ልባቸውን ዝም የሚያሰኝ ትምህርት ግን የለም። ይህን ሳነብ ያ 140 ትዝ አለኝ።

ኤክማንና ፍሪዘን የተባሉት ደግሞ ለጃፓናውያንና ለአሜሪካውያን ተማሪዎች የሚዘገንን ፊልም አሳዩአቸው። ብቻቸውን ሆነው ሲያዩ የሁለቱም ፊት ተመሳሳይ ነበር። በማዕረግ ከፍ ያለ ሰው አብሯቸው ሲቀመጥ ጃፓናውያኑ በፈገግታ ሸፈኑት። እኛ እንግዲህ ሕሙማንን አንድ ጊዜም ቢሆን ብቻቸውን ሆነው አይተናቸው አናውቅም። ሁልጊዜ ነጩን ጋውን ለብሰን፣ ቆመን ነው የምናያቸው። «ደህና ነኝ» የሚለው መልስ ከፊሉ ለጋውኑ የሚሰጥ መልስ ነው።

በዚህ ላይ በእኛ አካባቢ ከባዱን ትምህርት የሚማሩ ልጆች አሉ። በካፋና በሸካ ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ለዘመናት ከሌላው ቤት እንዳይገቡ፣ አብረው እንዳይበሉ ተደርገው የኖሩ ናቸው። የታመመ ልጁን አቅፎ በር ላይ የቆመ አባት ደጋግሜ አይቻለሁ። «ግቡ» ስትሉት ይፈራል፣ «ተቀመጡ» ስትሉት ወለሉን ያያል፤ ስትጠይቁት ያላችሁትን ሁሉ «አዎ» ይላል። አዲስ የመጣ ሐኪም ካርዱ ላይ «ግድ የለሽ ቤተሰብ» ብሎ ቢጽፍ አይገርመኝም፤ እኔም ልጽፍ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ፊቱን እንዲደብቅ ተደርጎ ያደገ ነው። ግድ የለሽ ቢሆን ኖሮ ልጁን ተሸክሞ ያን ሁሉ መንገድ በእግሩ አይመጣም።

የተገላቢጦሹም አለ። ሚዛን ተፈሪ የሠራሁ ጊዜ ቤንቾች እርስ በርስ ሲነጋገሩ ተቆጥተው ይመስለኝ ነበር። ለካ ቤንችኛ ቃናው ትርጉም የሚለይ ቋንቋ ነው፤ አምስት የድምፅ ከፍታዎችና አንድ ወደ ላይ የሚወጣ ቃና አለው። በዓለም ካሉ ቋንቋዎች እንዲህ ያለው ጥቂት ነው፤ በፉጨት ሳይቀር ይነጋገሩበታል። እኔ ቁጣ ያልኩት ድምፅ ከፍ ማለት ለካ ቃሉ ራሱ ነበር። አንድ ነርስ ስቆብኝ፣ «ዶክተር፣ ስለ ቦሎቄ ዋጋ ነው የሚያወሩት» አለኝ።

ወደ እናትየዋ ልመለስ። ከወለደች በስድስት ወሯ ተመልሳ መጣች። ሁለት ክሊኒክ ዞራለች። በአንደኛው የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተዋታል። በሌላው ደግሞ ያው የምናውቃቸው መንትዮች፣ ታይፎይድና ታይፈስ፣ ተገኝተውባታል። የምትለው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል፣ ራሴን ያቃጥለኛል» ነው። የድሮዋ እኔ ብሆን ሦስተኛ መድኃኒት እጨምር ነበር። ግን አማርኛችንን ራሱን ስሙት እስቲ። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፣ ሆደ ሰፊ፣ ሆደ ቡቡ፣ ሆድ ይፍጀው። ስሜታችንን ያስቀመጥነው ሆዳችን ውስጥ ነው፤ ታዲያ ሲታመም ሆድ ነው የሚታመመው። አስመስላ አልነበረም። ሆዷን የምር ያማታል። ከልጅነቷ ጀምሮ «ከፍቶኛል» የሚለውን ቃል የሚሰማት ስላልነበረ ቃሉን አልለመደችውም። የሚሰማት ነገርም ሲመጣ በሆድ በኩል ነው የሚመጣው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። አርተር ክላይንማን የተባለው የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1980 ቻይና፣ ሁናን ውስጥ «የነርቭ ድካም» ተብለው ሲታከሙ የነበሩ 100 ሰዎችን መርምሮ 87ቱ ዋናው የድባቴ ሕመም እንዳለባቸው አግኝቷል። እነሱ የሚሉት ግን ራስ ምታት፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው፣ በአገራችንም ቡታጅራ አካባቢ በተደረጉ ጥናቶች ያገለገለው ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ስለ ሆድ የሚጠይቀው በከንቱ አይደለም። ወረቀቱ ባይኖራችሁም «ሆድሽን ባር ባር የሚለው መቼ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። እኔ ያልኳት እሱን ነው። «ማታ፣ ጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አወራን። በየሁለት ሳምንቱ ትመጣ ነበር፤ አክስቲቱም አብረው።

ስለ እኛ ስለ ሐኪሞቹ አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። እኛ ሁለት ጊዜ ነው ያደግነው። አንድ ጊዜ በየቤታችን፣ ሁለተኛው በሙያው ውስጥ። የመጀመሪያ ታማሚያችን እጃችን ላይ ሲሞት ማናችን ነን አልቅሰን ያደርነው? «ቀጣዩ ካርድ» ተባለ፣ ቀጠልን። ይሄ ለሥራው ያስፈልጋል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንዲሰፋኝ እኔም አልፈልግም። ግን ያቺን ሌሊት ለማንም ሳልናገር ስድስት ዓመት ኖሬአለሁ። ለባለቤቴም አልነገርኩትም። እኔም የጨጓራ መድኃኒት እወስድ ነበር፤ ትስቃላችሁ፣ እውነቴን ነው። የነገርኩት መጀመሪያ ለአንዲት የክፍላችን ልጅ ነው፣ በስልክ፣ ሌሊት። «ቆይ ልብሴን ልልበስ፣ እመጣለሁ» አለች። ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ አሥራ አንድ ሰዓት መንገድ ነው። በማግስቱ ማታ በሬን አንኳኳች።

ለውጥ አለ። ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች የእናቶች ማቆያ አለ፤ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ ዘመድ ከጎን ይሆናል። እኔ ካለሁበት ክፍል ደግሞ አንድ ልማድ አስገብተናል። ዝም ብላ የመጣች እናት የልብ ምቷ ቀድሞ ይቆጠራል፣ ከምትጮኸዋ በፊት። ወጣት ሐኪሞቹ ለምን እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እነግራቸዋለሁ።

እዚያው ተቋም እያለሁ፣ ከዚያች ሌሊት ሁለት ዓመት በኋላ፣ ያቺ እናት ልጇን ይዛ መጣች። አሁን አራት ዓመቷ ነው። ቆርቆሮ እግሯን ከፍቶታል። ማደንዘዣውን ልወጋት ስል ልጅቷ ጮኸች፤ እንዴት ያለ ጩኸት መሰላችሁ! ረዳቴ «ዝም በይ፣ ጎበዝ ልጅ አይደለሽም?» አላት። እናትየዋ ልጇን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቀና ብላ አየችው።

«ተዋት፣ ትጩህ» አለችው። «እኔ አለሁላት።»

አምስት ቦታ ሰፋኋት። አምስቱንም ስሰፋ ስትጮህ ነበር።